ትንሽ ነገር ናት

የሺዓለም ያን ቀን አፏን ባትከፍት ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን የቸገረው ሰው መቼ አርፎ ይቀመጣል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! እሷን ደግሞ ከቸገራት ቆይቷል። ባሏ ገመዳ ከመቂ ቲማቲም ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሞጆ ሳይደርስ መኪናው ተገለበጠና እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ብረት ገባለት። የመኪናው ባለቤት አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ መጥቶ ጠየቀው፤ ከዚያ ወዲያ ሲደውሉለት ስልኩን አያነሳም።

አደጋውን የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ከአደጋው በኋላ ቤቱ ምን እንደሆነ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እየመጡ ጸለዩላቸው፣ ስኳርም ዘይትም ይዘው መጡ፤ ኋላ ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄደ፤ ሰው መቼም ሰው ነው። የሺዓለምም «እንዴት ናችሁ?» ስትባል «ጌታ ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም» ነው መልሷ። ምን ያልጎደለ ነገር አለና! ዘይቱም ጎድሏል፣ ጤፉም ጎድሏል፤ ያልጎደለ ነገር ቢኖር የሷ ኩራት ብቻ ነው።

እንግዲህ እዚያ አዳማ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ልማድ አለ። ገና ሲደርስ የልጆች ፕሮግራም ይዘጋጃል። ወላጅ ለገዛ ልጁ ስጦታ አዘጋጅቶ፣ ጠቅልሎ፣ ስሙን ጽፎበት ቀደም ብሎ ያስረክባል። በዕለቱ ልጁ በማይክ ይጠራና መድረክ ላይ ወጥቶ ስጦታውን እዚያው በሰው ፊት ይከፍታል፣ ጉባኤው ያጨበጭብለታል። ታዲያ ይሄ ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። ክፋቱ ያለው ጭብጨባው ላይ ነው፤ ጭብጨባው እንደ ካርቶኑ ትልቅነት ነዋ! አምና የባለ ሱቋ የሶፊ ልጅ አዶኒያስ ብስክሌት ሲወጣለት አዳራሹ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ከሱ ቀጥላ የተጠራችው ሶሲ የምትባል ትንሽ ልጅ ደብተርና እርሳስ ይዛ ቆማ፣ የሚያያት ጠፍቶ፣ ራሷ ወርዳ ተቀመጠች። የሺዓለም ያን ጊዜ ከሚያጨበጭቡት መሀል ነበረች፤ ያኔ ገመዳ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነበር፣ ለልጃቸው ለትህትናም ደህና ስጦታ ገዝተውላት ነበር።

ዘንድሮ ገና ሲቃረብ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የልጆች አገልግሎት መሪው ወንድም ዲበኩሉ «ስለ ፕሮግራሙ ሐሳብ ያለው ሰው አለ?» ቢል፣ የሺዓለም ሳታስበው ብድግ አለች።

«ወገኖች» አለች፤ «ጌታችን የተወለደው በግርግም ነው። እኛ ለልጆቻችን ምን እያሳየናቸው ነው? እባካችሁ ዘንድሮ ስጦታው ቀለል ያለ ይሁን። አንድ ኳስ፣ አንድ የተረት መጽሐፍ፣ ወይም በእጃችን የሠራነው ነገር ይሁን። ያለውም የሌለውም ልጅ እኩል ደስ ይበለው።»

ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዉ መንፈስ ቅዱስ የነካት መሰለው፤ የነካትስ ችግር ነው። ትህትና ሲረገጥ የሚበራ ጫማ ካልተገዛልኝ ብላ እህል አልቀምስም ካለች ሰንብታለች፤ እናትየው ደግሞ የጫማውን ክር የምትገዛበት የላትም። ስለዚህ ባዶ ኪሷን ይዛ ሄዳ ከግርግሙ ጀርባ ደበቀችው። የሚገርመው ግን እየተናገረች ሳለ ራሷም አመነችበት። ሐሳቡ እኮ እውነት ነው። እውነት ነገር ከተቸገረ ሰው አፍ ስለወጣ ውሸት አይሆንም።

አዳራሹ በሙሉ «አሜን» አለ። ሶፊማ ደጋግማ ነው ያለችው። ዲበኩሉ ዕንባው ዐይኑ ላይ ሞልቶ «እህት የሺዓለም ዛሬ ዐይናችንን ገለጠችልን» አለና፣ ስጦታዎቹን የመቀበሉን ሥራም የዕቃ ክፍሉን ቁልፍም ለሷው ሰጣት።

ስትወጣ የሶሲ እናት ዘርፉ በር ላይ ጠበቀቻት። ዘርፉ ገበያ ዳር መሬት ላይ ዘርግታ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የየሺዓለምን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ዘንድሮ ልጄን አሟታል ብዬ ላስቀራት ነበር» አለቻት። «አምና ቤት ገብታ ያለቀሰችው ልቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አንቺ ግን ከላዬ ላይ ሸክም አወረድሽልኝ፤ ጌታ ይባርክሽ የሺዬ።»

የሺዓለም ያን ቀን ቤቷ የገባችው ቅልል ብሏት ነው። ከገመዳ አሮጌ ሸሚዝ ቀድዳ አሻንጉሊት መሥራት ጀመረች። ስፌት ላይ እጇ ብዙም አይደለም፤ አንዱ ዐይን ካንዱ ተለቅ አለ፣ አፉም ወደ ጎን ሄደ። ገመዳ ከአልጋው ላይ ሆኖ አየና «ይቺማ አዳሚ ቱሉ ያለችው አክስቴ ናት» ብሎ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ዕለት ብቻ ነው። አሻንጉሊቷን በስስት ጠቀለለቻት።

የፕሮግራሙ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። የሺዓለም ከሰዓት በኋላ የዕቃ ክፍሉን ከፍታ፣ የልጇን ስጦታ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወላጆችን መጠበቅ ጀመረች። መጀመሪያ የመጣው ባንክ የሚሠራው ኢተፋ ነው።

«አከም ጂርቱ፣ እህቴ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላትና ጠፍጣፋና ከበድ ያለ ነገር አቀበላት።

«ምንድን ነው ወንድም ኢተፋ?»

«ኧረ ትንሽ ነገር ናት። ታብሌት ናት፤ ግን ጌም ምናምን የለባትም፣ የተረት መጽሐፍ ብቻ ነው የጫንኩባት። አንቺው ራስሽ መጽሐፍ ይሁን ብለሽ የለ?»

ከሱ በኋላ የመጣችው እናት ከልጇ ቁመት የሚበልጥ አሻንጉሊት አቅፋ ገባች፤ «አክስቷ ናት የላከችላት፣ ምን ላድርግ፣ ትንሽ ነገር ናት» አለች። ሌላው የልጁን ስጦታ በባጃጅ አምጥቶ በሁለት ሰው አስወረደው። በመጨረሻ ሶፊ መጣች። የሷ ካርቶን በበሩ አልገባ ብሎ በጎን ዞሮ ነው የገባው። ልጅ ተቀምጦ የሚነዳው፣ በባትሪ የሚሄድ መኪና ነው።

«ሶፊዬ፣ ቀለል ያለ ነገር ተባብለን አልነበር?» አለች የሺዓለም።

«ውይ የኔ እህት፣ ትንሽ ነገር ናት እኮ!» አለች ሶፊ ከልቧ። «ይሄ አጎቱ ከዱባይ የላከለት ነው፤ የሰው እጅ ደግሞ አይመለስም። የኔ ስጦታማ እንደተባባልነው ኳስ ናት። እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ከትቻታለሁ።»

አሁን ለዚህ ምን ይመለሳል? ሶፊ እኮ አልዋሸችም፣ ኳሷ ካርቶኑ ውስጥ አለች። ማንም ቃሌን አጠፍኩ አላለም። ሁሉም «ሌላው ይጠብቀዋል፣ የኔ አንዷ ብትለይ ማንን ትጎዳለች» ብሎ ነው የመጣው። በዚህ አገር በሬ እየጎተተ የመጣ ሰውም «ትንሽ ነገር ናት» ነው የሚለው። ሞኟ የሺዓለም ናት፤ የስብሰባ አሜን የምር መሰላት። ስብሰባ ላይ አሜን የሚባለው ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ነው!

በካርቶኖቹ መሀል ቆማ የራሷን ጥቅል አየችው። ጭራሽ ትንሽ ሆነባት። ነገ ትህትና ይሄን ይዛ መድረክ ላይ ስትቆም ታያት። ሰዉም «ባሏ ከወደቀ ወዲህ...» እያለ ሲንሾካሾክ፣ ያን ሁሉ ስለ ግርግም የተናገረችው ከምን እንደመጣ ሲገባው ታያት።

እንዲህ ሆና ቆማ ሳለ ዘርፉ መጣች። የሺዓለም ፈጥና ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። ዘርፉ ስጦታዋን የጠቀለለችበትን ጋዜጣ ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። ከሽንኩርት ጆንያ ላይ የተፈታ ቀይና ቢጫ ክር ነው፤ እሱን ጎንጉና ትንሽ ቦርሳ ሠርታለች፣ የሶሲንም ስም በክሩ ጽፋበታለች። ገበያ ላይ ደምበኛ በጠፋ ሰዓት ሁሉ ስትጎነጉን ከርማ ጣቶቿ ቆስለዋል።

«ትንሽ ነገር ናት» አለች ዘርፉ። እሷ ስትለው እውነቷን ነው።

«ታምራለች» አለች የሺዓለም፤ ደግሞም ታምር ነበር።

«ሰዉ ሁሉ እንደተባለው አመጣ?»

ቁልፉ በእጇ ነው። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ «ነይ እይ፤ ልጅሽን ነገ አስቀሪያት» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ያልሽው ሁሉ መና ቀረ መባሉ አሳፈራት፤ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሶሲ ከቀረች ትህትና ብቻዋን ልትቀር ነው። ነገ መድረኩ ላይ አብራ የምታፍር አንድ ልጅ ፈለገች።

«አዎ፣ ሁሉም እንደተባለው ነው ያመጣው» አለች።

ዘርፉ አመስግና ሄደች። የሺዓለም በሩን ቆልፋ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ራሷን ስትረግም ነበር፤ ግን እርግማኑም ፍርሃቷን አላበረደላትም። ሁለት ሆነውም ቢሆን ማፈር ማፈር ነው። ትህትና ደጃፉ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆና «ነገ ምን እንደሚወጣልኝ እኔ አውቃለሁ» እያለች ስታወራ ደረሰች።

ገመዳ ፊቷን ሲያይ «ምን ሆነሻል?» አላት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ነገረችው፤ በር ላይ ለዘርፉ ያለችውን ብቻ አልነገረችውም።

«ታዲያ ለዚህ ነው? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። የእኛ ልጅ አሻንጉሊት ቢወጣላት ምን ትሆናለች?»

«አንተ እዚያ መድረክ ሥር አልተቀመጥክም! አምና የዘርፉን ልጅ አላየሃትም!» አለችና ሆድ ብሷት አለቀሰች።

በትራሱ ሥር ገንዘብ እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። ወንድሞቹ አዳሚ ቱሉ በግ ሸጠው ለሐኪም ቤት ቀጠሮው የላኩለት ነው። ሐኪሙ ብረቱ በጊዜው ካልታየ እግሩ እንዳጠረ ይቀራል ብሏቸዋል። የሺዓለም አልጠየቀችውም። ትራሱን አየችው፤ እሱም ስታይ አያት። ገመዳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ውሰጂው» አለ። «እግሬ እንደሆን የትም አይሄድ።»

ይሄን የሰማች ሚስት እጇን መሰብሰብ ነበረባት። እሷ ግን ወሰደችው። ይዛውም በባጃጅ ወደ ገበያው በረረች። ጫማ ሻጯ ከሪማ ሱቋን ልትዘጋ የውጭውን ዕቃ እየሰበሰበች ነበር።

«የሚበራውን ጫማ» አለች የሺዓለም፣ ትንፋሽ አጥሯት።

«የኔ እህት፣ አልቆ አንዲት ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ትንሽ ትሰፋለች» አለች ከሪማ። «ግን የልጅ እግር ያድጋል፣ ጥጥ ጣል አድርጊበት።» ደግሞ ፊቷን አይታ «ውሃ ላምጣልሽ? ደህናም አይደለሽ» አለቻት። የሺዓለም ውሃውን አልጠበቀችም። ከፈለች፣ ተመልሳ የዕቃ ክፍሉን ከፈተች፣ የልጇን ስም ከአሻንጉሊቷ ላይ ገንጥላ ጫማው ላይ ለጠፈችው። የዘርፉ ጋዜጣ እዚያው አጠገቡ ነበር። እሱን ላለማየት መብራቱን ቶሎ አጠፋች።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጆቹ መዝሙራቸውን ዘመሩ፣ ዲበኩሉ ጸለየ፣ ስጦታው ተጀመረ። የኢተፋ ልጅ ታብሌት ወጣለት፣ ተጨበጨበ። አዶኒያስ መኪናውን መድረኩ ላይ ሲነዳው ሰዉ ብድግ ብድግ እያለ አየ። ሶፊ ጎኗ ላሉት ሁሉ «አጎቱ ነው፣ አጎቱ ነው» እያለች ታስረዳለች። የሺዓለም የዘርፉን ፊት ላለማየት አንገቷን ደፋች።

ትህትና ተጠራች። ካርቶኑን ቀደደችው፣ ጫማውን አወጣችው፣ እዚያው ቁጭ ብላ አጠለቀችው፤ አንድ ጊዜ ስትረግጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት ቦግ አለ። አዳራሹ ሳቀና አጨበጨበ። ልጅቷ ከደስታዋ ብዛት አልወርድም ብላ መድረኩ ዳር ቆማ ትረግጥ ጀመር። የሺዓለም ደስ አላት። ምን ይደበቃል፣ የገመዳም እግር፣ የዘርፉም ጣት ለዚያች ጊዜ ከሐሳቧ ጠፋ፤ ደስ አላት።

«ሶሲ» አለ ዲበኩሉ በማይክ።

ሶሲ እየሮጠች ወጣች። ጋዜጣውን ገለጠችና ቦርሳዋን ከፍ አድርጋ ያዘች። የሚያጨበጭብ ሰው አልተገኘም። ክፋት አስበው አይደለም፤ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ከፊት ከተቀመጡት ልጆች አንዱ «የሽንኩርት ጆንያ ነው እኮ» አለ፣ ሌሎቹም ተከትለውት ሳቁ። ሶሲ የሷን ቦርሳ አየች፣ ከጎኗ የሚበራውን የትህትናን ጫማ አየች፣ ቦርሳውን ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

ዲበኩሉ ደግ ሰው ነው፤ ግን ደግ ሰው ሲደናገጥ ከክፉ ይብሳል። ልጅቷን በትከሻዋ ይዞ ወደ ፊት አወጣት፣ እጇንም ጎትቶ ቦርሳውን ለሰው አሳየባት።

«ወገኖች፣ ቀላል ስጦታ ማለት ይሄ ነው! እህት የሺዓለም ያስተማረችን ይሄንን ነው። እስቲ ለዚች ልጅ አጨብጭቡላት። እህት የሺዓለም፣ ነይ ውጪ፣ አንድ ቃል በዪን።»

ሰዉ አጨበጨበ። እንዲህ ያለውን ጭብጨባ የሚያውቀው የተጨበጨበለት ድሃ ብቻ ነው። ሶሲ አገጯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሺዓለም እንዴት እንደተነሳች አታውቀውም፤ ማይኩ እጇ ላይ ነበር። አንድ በኩል ሶሲ፣ አንድ በኩል የገዛ ልጇ እየረገጠች። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻለችም።

«እኔ ያን ቀን ግርግም ያልኩት የምገዛበት ስለሌለኝ ነው» አለች።

«አሜን» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«አይደለም፣ ስሙኝ። ቤቴ ባዶ ነው። ትናንት እናንተ ያመጣችሁትን ሳይ ፈራሁ። ይሄን ጫማ የገዛሁት ባሌ ሊታከምበት ካስቀመጠው ገንዘብ ላይ ነው። ለዘርፉ ደግሞ ዋሽቻታለሁ።»

«አሜን! ሃሌሉያ!» አለ አዳራሹ። ሶፊ በመሐረቧ ዕንባዋን ትጠርጋለች። ዲበኩሉ ማይኩን ከእጇ ተቀብሎ «እንዴት ያለ ምስክርነት ነው፣ ጌታ ስሙ ይባረክ» አለና መዝሙር አነሳ። ሰዉም ዐይኑን ጨፍኖ አብሮት ዘመረ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ያለችውን የሰማቻት ዘርፉ ብቻ ናት። ዘርፉ በወንበሮቹ መሀል አልፋ መጣች፣ ልጇን ከመድረኩ አወረደቻት፣ በጎን በር ይዛት ወጣች።

የሺዓለም ተከትላ ሮጠች። ግቢው በር ላይ ደረሰችባቸው።

«ዘርፉዬ፣ በጌታ ይሁንብሽ፣ ይቅር በዪኝ። ጫማውን እሰጣታለሁ። አሁን አውልቄ...»

«ተይው» አለች ዘርፉ። አላለቀሰችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። «ከልጅሽ እግር ላይ ልታወልቂ ነው? ተይው።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

ዘርፉ የልጇን ነጠላ አስተካከለች፣ የሶሲን ፊት በመዳፏ ጠረገችላት።

«እነሱን መቼ አመንኩና» አለች። «አምናም አይቻቸዋለሁ። ልጄን ደግሜ እዚያ ላይ ያወጣኋት አንቺን አምኜ ነው።»

ሶሲ ቦርሳዋን በብብቷ ሥር ይዛ፣ አንድ ጊዜም ዞር ብላ ሳታይ፣ ከእናቷ ጋር ወደ አስፋልቱ ወጣች። አዳራሹ ውስጥ መዝሙሩ አልቆ የሚቀጥለው ልጅ ስም በማይክ ተጠራ፤ ሰዉም ያጨበጭብ ጀመር።